አልወርድም ያለው የእርቅ ድንጋይ

አስፋልት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «መኪና የሚሄድበት ጥቁሩ ነገር ነዋ!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም እንደናንተ ነበርኩ። አስፋልት ማለት ለእኔ ፍኖተ ሰላም ስሄድ ጫማዬ ጭቃ የማይነካበት ቦታ ነበር። ከዚያ ያለፈ ዕውቀት አልነበረኝም፤ አልጎደለብኝምም። ዕውቀቱ ከመጣብኝ ወዲህ ግን ጎረቤቶቼ የሚያዩኝ በሌላ ዓይን ነው። የሆነውን ሳስበው አሁንም ክው እላለሁ። እስቲ ልንገራችሁና ፍርዱን እናንተ ስጡ።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ተገንጥሎ ወደ እኛ ከተማ የሚገባው ኮረኮንች አስፋልት ይሁን ተባለና ማሽኑ ሁሉ መጣ። እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምውልበት አጥቼ፣ ባለቤቴ አትጠገብ ቤት ስትጠርግ አንዴ ከወዲህ አንዴ ከወዲያ የምታስነሣኝ ሰው ሆኜ ነበር። መንገዱ ሲጀመር አምላክ ሥራ ሰጠኝ። ጠዋት ሻዬን እጠጣና እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እወጣለሁ። ዳምጠው የሚባለው መንገድ ረጋጭ መኪና ወደፊት ሲሄድ እኔም ወደፊት፣ ወደኋላ ሲመለስ እኔም ወደኋላ። ማንም አልቀጠረኝም፤ ማንም ግን አላባረረኝም። አትጠገብ አንድ ቀን ምሳ ልትጠራኝ መጥታ ለጥቂት ጊዜ ቆማ አየችኝና፣ «እኔስ ኸመኪናው ጋራ ታጭተሃል ብዬ ልጠረጥር ነው» ብላኝ ተመለሰች።

ታዲያ ዝም ብዬ አልቆምኩም፤ ተማርኩ። አፈሩ ተጠርቦ ይነሣል። በቦታው የተመረጠ አፈር፣ ከዚያ በላይ የተፈጨ ጠጠር ይነጠፋል፤ ውኃ እየጠጣ ይረገጣል። በጠጠሩ ላይ ቀጠን ያለ ሬንጅ በመኪና ይረጫል። እሱ እስኪሰርግና እስኪደርቅ ድረስ መንገዱ ይዘጋል፤ ዝንብም አይረግጠውም። በመጨረሻ ዋናው ይመጣል፦ ጠጠርና አሸዋ በእሳት ግሎ፣ ከቀለጠ ሬንጅ ጋር ተለውሶ፣ እየጨሰ በገልባጭ መኪና ይደርሳል። ማንጠፊያው ማሽን ያነጥፈዋል፤ ሳይበርድ ዳምጠው ይወጣበታል። ከበረደ በኋላማ ቢረግጡት አይሰማም። የዳምጠው ብረት ደግሞ ውኃ እየተረጨለት ነው የሚሄደው፤ አለዚያ አስፋልቱን ልሶ ያነሣዋል። ሬንጁ ራሱ ምንድነው ብትሉ የነዳጅ አተላ ነው። ከድፍድፉ ነዳጅ ቤንዚኑም ናፍታውም ተነጥሎ ከወጣ በኋላ ከሥር የሚቀረው። ጠጠሩ ሸክሙን ይችላል፤ ሬንጁ ጠጠሩን ከጠጠር ይይዛል። «ሬንጅ ሲበርደው ድንጋይ፣ ሲሞቀው ማር» የምትለዋን አባባል የፈጠርኳት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ላልጠየቀኝ ሰው ሁሉ እናገራለሁ። ለቅሶ ቤት ገብቼ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ካልኩ በኋላ ስለ ጠጠር ውፍረት የማስረዳበት ጊዜ ነበር። ሐዘንተኞቹ ሲያለቅሱ የቆዩት በሟች ብቻ አልነበረም የሚሉ አሉ።

እንግዲህ ወደ ጉዱ ልግባ። ሁለት ጎረቤቶች አሉኝ፤ አያ አንማውና አያ ልየው። ማሳቸው ድንበር ለድንበር ነው። የልየው ልጅ ጌትነት የክርስትና ልጄ ነው፤ ቡሬ ባጃጅ ይነዳል። የአንማውን ልጅ እናኑን ሊያገባ ተጠያይቀው፣ ቃል ተሰጥቶ፣ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆርጦ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን አንማው ሆዬ ከቆፋሪው ማሽን ሾፌር ጋር ተግባብቶ፣ የአዲሱ መንገድ ቦይ አፉን ወደ ልየው በርበሬ እንዲያዞር አስደረገ። ዝናብ ሲጥል የመንገዱ ጎርፍ በሙሉ ልየው ማሳ ላይ ተኛ። በርበሬው ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ሄደ። ልየው ከዚያ ቀን ጀምሮ አንማውን «እንደምን አደርክ» ብሎት አያውቅም።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ጌትነት ከቡሬ መጣ። በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ። «ክርስትና አባቴ፣ አባቴ ቁርጡን ነግሮኛል። እስከ ቅዳሜ አንማው ድንጋይ ተሸክሞ ካልመጣ ሰርግ የሚባል የለም። አንማውም 'ድንጋይ አልሸከምም' ብሏል። እናኑ ምግብ ኸተወች ሰንብታለች» አለኝ። ያ ባጃጅ እየነዳ የሚስቅ ጎረምሳ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ደነገጥኩ። እኔ ይህን ልጅ ክርስትና ያነሣሁት በሰርጉ ልጨፍር እንጂ እንባውን ልጠርግ አይደለም። ወዲያው መሪጌታ ስማቸው ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው የደብራችን መሪጌታ ናቸው፤ እርቅ ሲያዝ ከፊት የሚቀመጡትም እሳቸው ናቸው። አንማውን ሦስት ሽማግሌ ሆነን ይዘን ለመንነው፤ እግሩ ላይ ወደቅን፤ በመጨረሻ «ለልጄ ስል» አለና እሺ አለ።

የድንጋዩን ነገር ላላወቀ ልንገር። በእኛ ዘንድ በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ ፊት ይንበረከካል። ተበዳይ «ይቅር ብያለሁ» ሲል ሽማግሌ ድንጋዩን ያወርድለታል፤ ነገሩም አብሮ ይወርዳል። ድንጋዩ ታዲያ ማንም የሚያነሣው ዓይነት አይደለም። ትንሽ ከሆነ ተበዳይ «ቀለደብኝ» ይላል። ትልቅ ከሆነ በዳይ እዚያው ይደፋና እርቁ ወደ ለቅሶ ይዞራል። ድንጋይ መምረጥ ዓይን ይጠይቃል። «ድንጋዩን ለእኔ ተዉት» አልኩ። ስለ ድንጋይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ እንዴ?

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ለካ ድንጋይ የሚባል ነገር ከአገራችን ጠፍቷል! ሜዳው ላይ የነበረውን ሁሉ ጠጠር መፍጫው በልቶታል። እየዞርኩ ብርዱ ጆሮዬን ሲገርፈኝ ከመንገዱ ጥግ ላይ ድንጋዮች በረድፍ ተደርድረው አየሁ። ከመካከላቸው አንዱ አይጣል ነው። ክብ፣ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ በዘይት የታሸ ይመስል የሚያብረቀርቅ። አንኳኳሁት፤ ደረቅ ነው። በክንዴ መዘንኩት፤ ልክ ነው። «እንዲህ ያለ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ይቅር ካልተባለ ማን ይባላል?» አልኩና በማዳበሪያ ጆንያ ከትቼ ተሸክሜው ሄድኩ። ሬንጅ ሬንጅ ይሸታል እንዳትሉኝ፤ በዚያ ሰሞን የእኛ ከተማ ዳቦውም ሬንጅ ሬንጅ ይሸት ነበር።

የምንቀመጠው ዋርካው ሥር ነው። ዋርካው ግን የለም። ለመንገዱ ተብሎ ተቆርጧል። ሰው ልማዱን አይተውምና ዛሬም እርቅ ሲኖር ዋርካው በነበረበት፣ እያንዳንዱ በድሮ ቦታው፣ ጥላው በነበረበት ልክ ይቀመጣል። መሪጌታ ከግንዱ ሥር ይቀመጡ ስለነበር ዛሬም ከሌለው ግንድ ሥር ተቀመጡ፤ አልፎ አልፎም ወደ ኋላ ሊደገፉ ይሉና መለስ ይላሉ። ከፀሐይ የሚጋርድ አንድ ቅጠል የለም።

ሥርዓቱ ረዘመ። ጸሎት ተደረገ። መሪጌታ ስለ ይቅርታ መናገር ሲጀምሩ አንማው ድንጋዩን ተሸክሞ ቀርቦ ነበር፤ ሲጨርሱ ግን ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጥታለች። ሰውዬው ኮቱን እንደለበሰ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ ተንበርክኳል። ልየው ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ተነፈሰ።

«ስለ ሰማዩ ጌታ፣ ስለ ልጆቹም ብዬ ይቅር ብያለሁ። አውርዱለት» አለ።

«እሰይ!» አልን። እልል ያለች ሴትም ነበረች። የማውረዱ ክብር የእኔ ስለሆነ ብድግ ብዬ ድንጋዩን በሁለት እጄ ያዝኩና ሳብ አደረግሁ። አልመጣም። እንደገና ሳብኩት፤ አንማው አብሮ መጣ።

«ኧረ አንገቴን!» አለ።

«ልቀቀዋ!» አልኩት።

«እኔ የት ያዝኩት? እጄ ይኸው መሬት ላይ ነው!»

ሌላው ሽማግሌ ሊያግዘኝ መጣ። አንዳችን ድንጋዩን፣ አንዳችን የአንማውን ወገብ ይዘን ብንሳሳብ ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። ያቺ እልል ያለች ሴት እልልታዋን ከአፏ መልሳ ዋጠችው።  

መሪጌታ ተነሥተው አማተቡ። «በስመ አብ ወወልድ… ልጄ አንማው፣ ይህ ድንጋይ አልወርድም ያለው በከንቱ አይደለም። ያልተነገረ ነገር አለ። ለንስሐ አባትህ የምትነግረውን አላልኩህም፤ ለጎረቤት የሚነገረውን ተናገር።»

አንማው ፊቱ አመድ መሰለ። ያ ሰሞኑን «ድንጋይ አልሸከምም» ሲል የነበረ ደፋር ሰው አሁን ጣቶቹን አፈር ውስጥ ቀበረ።  እውነቴን ነው፤ የአስፋልቱ ሊቅ፣ የሬንጁ መምህር፣ በዚያች ሰዓት ከመሪጌታ ጋር አብሬ አማተብኩ። ዕውቀት እንዲህ ናት፤ ያልጠየቋት ቦታ ሁሉ ስትለፈልፍ ትከርምና በምትፈለግበት ቀን ዘመድ ጥየቃ ትሄዳለች።

«እሺ፣ አንድ ነገር አለች» አለ አንማው። «አያ ልየው፣ የድንበራችንን ድንጋይ አንድ እርምጃ ወዳንተ ገፍቼዋለሁ።»

ጉድ! ሰው ሁሉ ወደ ልየው ዞረ። ድንበር እኮ ነው! በድንበር ሰው ይሞታል። ልየው ግን አንዴ ሳለ፣ መሬት መሬት አየና፣ «ይሁን፤ ይቅር ብያለሁ» አለ። እንዲህ ፈጥኖ ይቅር ማለቱ ራሱ አስደነገጠኝ። ሳብኩ። ድንጋዩ አልተነቃነቀም።

«ሌላም አለ» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አትደብቅ!»

«መሪጌታ፣ የርስዎም አለ» አለ አንማው እየተንሰቀሰቀ።

«የእኔ?»

«ለደብሩ አጥር ባሕር ዛፍ አምጥቼ አልነበር? የእኔ አልነበረም። ኸርስዎ ጓሮ የቆረጥኩት ነው። እርስዎም መርቀውኛል።»

መሪጌታ አፋቸው ተከፈተ። ሲከፈት አየሁት፤ ሲዘጋ ግን አላየሁም። ያንን ምርቃት ሁላችንም እናስታውሳለን፤ እንዲህ ረጅም ምርቃት ለጳጳስም አልተመረቀም። «እ… ይቅር ብያለሁ» አሉ በመጨረሻ፤ «ምርቃቱን ግን መልስልኝ።» ሳብን። የለም።

አንማው አሁን ቦዩ እንደተከፈተ ጎርፍ ሆነ። ማን ያቁመው! ወደ እኔ ዞረ፤ መዞር እንኳ አልቻለም፣ ዓይኑን ብቻ አገላብጦ አየኝ። «አንተም ይቅር በለኝ። ቀፎህን አውሬ ሲበላው አልጮኸም ብለህ ውሻህን ያባረርክ ጊዜ… ማሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ውሻዬ! ያ ምስኪን ውሻ! በበትር ነው ያባረርኩት። «ደግሞ» አለ አንማው ሳልተነፍስ፣ «ዳምጠው የሚለውን ስም ያወጣሁልህ እኔ ነኝ።»

«የምን ስም?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ለካ አገሩ በሙሉ እኔን የሚጠራኝ «ዳምጠው» እያለ ነው! ከመኪናው ኋላ ወደፊትና ወደኋላ ስለምል። ሴቱ፣ ወንዱ፣ ሕፃኑ፣ ሁሉም። ወደ አትጠገብ ዞርኩ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች አልነበረም። ዓይኔ ጨለመ። ይቅር ማለቱ ቀርቶ ያንን ድንጋይ አንስቼ እዚያው መልሼ ላስቀምጥበት ፈለግሁ፤ ችግሩ ድንጋዩ ቀድሞውንም እዚያው መሆኑ ነው።

በንዴት ልስበው ጎንበስ ስል ነው ያየሁት። ከድንጋዩና ከኮቱ ኮሌታ መካከል ጥቁር ክር ተስቧል። ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ። ሳብ ሳደርገው ይረዝማል፤ ስለቀው ይመለሳል። ጣቴን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ።

ሬንጅ!

ያን ጊዜ የደነገጥኩትን ድንጋጤ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ያ ያብረቀረቀብኝ ድንጋይ መንገድ ለመዝጋት የተደረደረ ነው፤ ሬንጁ ሲረጭ እሱም አብሮ ጠጥቷል። በጎህ ብርድ ደርቆ ነበር፤ በቀትር ፀሐይና በአንማው አንገት ሙቀት ቀለጠ። ሲበርደው ድንጋይ፣ ሲሞቀው ማር! አባባሉ የእኔ፣ ድንጋዩን ያመጣሁት እኔ፣ «ስለ ድንጋይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ?» ያልኩትም እኔ። አሁን ብናገር ዳምጠው የሚለው ስም ራሱ የማዕረግ ስም ሊመስል ነው። ስለዚህ፣ አትፍረዱብኝ፣ ዝም አልኩ። ትንሽ ልሳበውና ቀስ ብሎ ይለቃል፣ ማንም አያውቅም አልኩ በልቤ።

አንማው ግን አልቆመም። «አንድ የቀረችኝ አለች። ትልቋ። ልትገድለኝ ነው።» አለና ቀጠለ። «እናኑን ለልየው ቤት ቃል ኸሰጠሁ በኋላ፣ ኸተጣላን በኋላ፣ የቡሬ የእህል ነጋዴ ለልጁ ሊጠይቃት ሰው ላከብኝ። እኔም…»

ልየው ብድግ አለ። ዓይኑ ደም መሰለ። ጌትነት ከዳር ቆሞ ነበር፤ ግድግዳ እንዳጣ ሰው እጁን አየር ላይ ዘረጋ። ቃል የተሰጠባትን ልጅ ለሌላ! ከዚህ በኋላ የሚወጣው ቃል ሰርጉን ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን ቤት ለልጅ ልጅ የሚያቃጥል ነው። ያን ጊዜ ክብሬን ወዲያ ጣልኩት።

«ዝም በል አንማው! ሬንጅ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ድንጋዩን የያዘው ሬንጅ ነው! ኃጢአትህ አይደለም! ድንጋዩን ኸመንገዱ ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ!»

የመጀመሪያው መልስ ከማን እንደመጣ ታምናላችሁ? ከመንገዱ ኢንጂነር። ወጣት ሴት ናት፤ ቢጫ ሰደርያ ለብሳ፣ ቆቧ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ፣ አቧራ እያስነሣች እየሮጠች መጣች።

«ማነው መዝጊያ ድንጋያችንን የወሰደው? ክፍተት አግኝቶ የጭነት መኪና ገባ! ትናንት የረጨነውን ሬንጅ በሙሉ በጎማው ጠቅልሎ ሄደ!» አለችና ድንገት ቆመች። አንማውን አየች። አንገቱን አየች። «አባቴ… ድንጋያችን እርስዎ አንገት ላይ ምን ይሠራል?»

  ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚያየው። መሪጌታ እንኳ የጓሯቸውን ባሕር ዛፍ ረስተው እኔን ነው የሚያዩት። ያን ጊዜ መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ፤ መሬቱ ግን በዳምጠው ተረግጦ ደንድኗል።

ልጅቷ ደግ ናት፤ የሆነውን በግማሽ ሰምታ በግማሽ ገምታ፣ ከመኪናዋ ናፍታ በሃይላንድ ይዛ ተመለሰች። በጨርቅ እየነከረች አንገቱን አሸችው። ናፍታና ሬንጅ የአንድ ድፍድፍ ልጆች አይደሉ? ዘመዱን ሲያገኝ ሬንጁ ለዘበ፤ ድንጋዩ ዱብ አለ። አንማው ቀና አለ። አንገቱ፣ ኮሌታው፣ ግማሽ ጸጉሩ ጥቁር ሆኖ፣ ናፍታ እየሸተተ፣ ዙሪያውን አየ። ድንበሩን፣ ባሕር ዛፉን፣ ማሩን፣ ሁሉን ነገር ለአተላ ብሎ እንደዘረገፈ ሲገባው ያየሁትን ፊት ጠላቴም ላይ አያሳየኝ።

ልየው ግን አሁንም ቆሟል። «የቡሬው ነጋዴ ሰው ላከብህ» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚያስ?»

አንማው ጥቁር ኮሌታውን ማሸት ጀመረ። ጌትነት ዓይኑን ጨፈነ። እኔ በልቤ ሰርጉን ቀበርኩት።

ልየው ጋቢውን ገፈፈና መሬት ላይ ጣለው። ሄደ ልል ስል አልሄደም። ጎንበስ አለ። ያንን ድንጋይ፣ ሬንጁና ናፍታው ገና የሚንጠባጠበውን ድንጋይ፣ በሁለት እጁ አንስቶ አንገቱ ላይ አደረገውና በአንማው ፊት ተንበረከከ።

«ኧረ አያ ልየው! ምን ሆነሃል?» አልን ሁላችንም በአንድ ድምፅ። ተበዳይ ድንጋይ ሲሸከም አይተንም ሰምተንም አናውቅም።

«ድንበሩን አንድ እርምጃ ገፋሁ አልከኝ» አለ ልየው። «አይቼሃለሁ። በነጋታው ሁለት እርምጃ መልሼብሃለሁ። እሱስ ይሁን። የቡሬውን ነጋዴ የላክሁብህ እኔ ነኝ። ቡሬ በርበሬ ስሸጥለት የኖረ ወዳጄ ነው። ቃልህን ትበላ እንደሆን ልይህ ብዬ፣ ብትበላ በአደባባይ ላዋርድህ ብዬ ነው የላክሁብህ። አንተም ምን ብለህ እንደመለስክ ነግሮኛል።»

አንማው ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ። «ሌሊቱን አስቤበት ነበር እኮ። 'ባጃጅ ኸሚነዳው የነጋዴው ልጅ ይሻላታል' ብዬ ነበር። እሱን ነው ልናዘዝ የነበረው።»

«ሌሊት ምን እንዳሰብክ አላውቅም። ጠዋት ግን 'ልጄን ለልየው ቤት ሰጥቻለሁ። ልየው ቢጠላኝም ቃሌን አላነሣም' ብለኸዋል። ይህን ሰምቼ መጥቼ መሳም ሲገባኝ፣ በርበሬዬን እያሰብኩ ጾሙ እስኪጋመስ አኮረፍኩህ። ልጆቹንም አስለቀስኩ። ይቅር በለኝ።»

 መሪጌታ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ምንም ሳይሉ ዘጉት፤ እንደዚያ ሲሆኑ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። እኔ እንባዬ መጣ፤ ልደብቅ አልሞከርኩም።

አንማው ዘሎ ወደቀበት። «ይቅር ብያለሁ! ተነሥ! ተነሥ አልኩህ!» እያለ በአንድ እጁ ድንጋዩን፣ በሌላው የልየውን ትከሻ አቅፎ ጉንጩን አንገቱ ላይ ለጥፎ ያለቅሳል። ጌትነት ሊያነሣቸው ሮጠ። ሳባቸው። አልተነሡም። እንደገና ሳባቸው።

«ኧረ ጉንጬን!» አለ አንማው።

ኢንጂነሯ የሃይላንዷን ጠርሙስ ገልብጣ አራገፈቻት። ጠብ የሚል የለም። «ናፍታው አልቋል። ካምፕ ደርሼ ልምጣ፤ እንዳትነቃነቁ» ብላ ሮጠች። ወዴት ይነቃነቃሉ?

ሕዝቡ እየሳቀም እያለቀሰም ተበተነ። አትጠገብ ጥላ ይዛ መጥታ ላያቸው ላይ ዘረጋች። እኔ ከበደሌ ብዛት ከአጠገባቸው መራቅ አፍሬ፣ መቅረብም ፈርቼ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ወደፊትና ወደኋላ ማለት ጀመርኩ፤ ከዚያ ስሙ ትዝ ሲለኝ ቀጥ አልኩ። ሁለቱ ሰዎች ከክረምት ጀምሮ አንድ ቃል አልተነጋገሩም ነበር። አሁን ጉንጭ ለአንገት ተጣብቀው፣ አንዱ ሲናገር የሌላው ራስ እየተንቀጠቀጠ፣ ስለ ሰርጉ ያወሩ ጀመር። ጠላው ማን ቤት እንደሚጠመቅ ተስማሙ። ሚዜዎቹ ከቡሬ በምን እንደሚመጡ ተስማሙ።

«ዳሱንስ የት እንጣለው?» አለ አንማው።

«ኸአስፋልቱ ራቅ አድርገን» አለ ልየው።

አንማው ዓይኑን ወደ እኔ አገላበጠ። «ይህን ሰውዬስ የት እናስቀምጠው?»

ልየው አሰበ፤ ሲያስብ የሁለቱም ራስ አብሮ ተነቃነቀ።

«እሱንም» አለ።